ፖም ከነልጣጩ

ፖም ልጦ የሚበላ ሰው አልወድም። ሱቄ መጥቶ ካስመዘነ በኋላ «ልጣጩ ግን አይጠነክርም?» የሚለኝን ደንበኛ «እንግዲያው ሙዝ ግዛ» እለዋለሁ። አፌ እንደዚህ ነው፤ ሰውም ለምዶኛል። ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ዳር ፍራፍሬ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ በአፌ የሸሸኝ ደንበኛ አለ፤ በሚዛኔ የሸሸኝ ግን የለም።

ደግሞ የኛን ፖም ከነልጣጩ ብሉት የምለው እንዲሁ ለወግ አልነበረም። ሥራው ያለው ልጣጩ ላይ ነበር።

ፖሙ የእንኳየሁ ነው። እንኳየሁ ከጎንደር በላይ ኮሶዬ ላይ፣ ከአባቷ በወረሰችው መሬት ፖም ተክላ የምትኖር፣ ከእህት የማልለያት ሰው ናት። የኮሶዬ ብርድ ለፖም ይስማማዋል፤ ጣዕሙ ሌላ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዛፉ ከወረደ በኋላ ነው። በነዚህ ዓመታት መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ሲያድር፣ ፖሙ ጎንደር የሚደርሰው ቆዳው እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማዶ፣ ውስጡ ዱቄት ዱቄት እያለ ነበር። ሰው አልገዛ ብሎን ለጎረቤት በግ የሰጠንበት ጊዜ አለ።

እንኳየሁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ስለ ዕፅዋት ነው፤ ሥራ አጥታ ወደ መሬቷ ስትመለስ ትምህርቷን ይዛው ተመለሰች። «ፖም ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል» አለችኝ አንድ ቀን። «ቶሎ የሚያረጅ በትንፋሹ ነው። ትንፋሹን ቀስ ካደረግንለት ይቆያል።» እኔ ሳቅኩባት። እሷ ግን ተልባ አፈላች፤ የሚያሟልጨውን ውሃ በስስ ጨርቅ አጠለለች፤ ጥቂት የኑግ ዘይት ጠብ አድርጋ እስኪዋሐድ መታችው፤ ፖሙን አንድ በአንድ እየነከረች ነፋስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ ደረደረችው። ሲደርቅ ዓይን የማያየው ስስ ልብስ ይለብሳል። መጀመሪያ ተልባው በዝቶ ፖሙ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ቀጥሎ ዘይቱ በዝቶ ኑግ ኑግ አለ። በመጨረሻ ግን ልኩን አገኘችው። ሌላው ፖም ተጨማዶ ሲጣል የኛ ገና ዛሬ የወረደ መስሎ መደርደሪያዬ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ስትነክሰው ይጮኻል።

ሥራውን ለሦስት ተካፈልነው። እንኳየሁ ታመርታለች፣ ትቀባለች፤ ወንድሜ አብዱልባሲጥ በአይሱዙው ያመጣል፤ እኔ እሸጣለሁ። አብዱልባሲጥ ታናሼ ነው። አባታችን ሲሞት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ እናታችን ሐዲጃ ገበያ ስትውል በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ሚስትና ልጆች ይዞም፣ «እትዬ» ሲለኝ አንጀቴን ይበላዋል። የሚፈልገውን ነገር ከልክዬው አላውቅም።

እንኳየሁን ያገኘኋት በእናቴ ግቢ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከኮሶዬ ስትወርድ ከግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራየች። በኛ አገር እስላምና ክርስቲያን ሁሉን ነገር አብሮ ይበላል፤ ሥጋ ሲሆን ግን ሁሉም የየራሱን ነው። የጠብ ነገር አይደለም፤ የመከባበር ነው። እናቴ ገና በመጀመሪያው ሰሞን ገበያ ወጥታ አንዲት ትንሽ ድስት ገዛችላት። «ይቺ የእንኳየሁ ናት፤ የኛ ሥጋ እንዳይነካት» ብላ ጓዳ ውስጥ ለብቻዋ ሰቀለቻት። በዓል ሲመጣ እንኳየሁ በዚያች ድስት የክርስቲያኑን ትሠራለች፣ እኛ የኛን እንሠራለን፤ ከዚያ አንድ ላይ ተቀምጠን ሁሉም ከየሳህኑ እየበላ እንሳሳቃለን። ተምራ ከግቢያችን ከወጣች ብዙ ዓመት ሆናት፤ ድስቷ ግን ከዚያው ሚስማር ላይ ነበረች። እናቴ ማንንም አታስነካም። ውሃ እንኳ አፍልተንባት አናውቅም።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ለፍራፍሬ ሻጭ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ክርስቲያኑ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ እስላሙ ማፍጠሪያ ሲሸምት፣ ሁሉም እኔ ደጅ ነው። ጾመኛ ደግሞ መጠየቅ ይወዳል። «ይሄ ትቀቡታላችሁ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ቅቤ የለበትም? የእንስሳ ነገር የለበትም?» ይሉኛል። እኔም «ጾሜን ባልሆን ፊታችሁ እገምጥላችሁ ነበር! ወላሂ ከተልባና ከኑግ በቀር የነካው ነገር የለም!» እላለሁ። ወላሂ ብዬ ነው የሸጥኩት። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚያ ቃሌ አምኖ ይገዛኝ ነበር።

ከቅበላ ወዲህ የሚመጣልኝ ፖም እየበዛ ሄደ። ማብረቅረቅም ጀመረ። እኔ ደስ አለኝ፤ የእንኳየሁ እጅ ተፍታታ ብዬ ነው። አብዱልባሲጥን «ዛፏ ዘንድሮ ጉድ አፈራ እኮ» ስለው «አዎ እትዬ፣ ሸጋ ዓመት ነው» አለኝና ካርቶኑን አውርዶ ሄደ።

እማማ አባይነሽን በኛ ሰፈር የማያውቃቸው የለም፤ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ በጾም ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። ጥርሳቸው ቀዝቃዛ ስለማይችል ፖሙን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ለብ ሲልላቸው ነው የሚበሉት። አንድ ጠዋት ጎድጓዳ ሳህን በነጠላቸው ሸፍነው ይዘው መጡ። ደንበኞቼ እስኪሄዱ ድረስ ጥግ ይዘው ቆሙ።

«ፈህሚያ ልጄ፣ እስኪ ይህን እይልኝ» አሉና ነጠላውን ገለጡት።

ሳህኑ ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው ላይ ስስ ነጭ ነገር ረግቷል። በጣቴ ነካሁት፤ ቅባት ነው። በጣቶቼ መካከል ሳሸው ቀለጠ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

የኑግ ዘይት አይረጋም። የተልባ ውሃም አይረጋም። ውሃ ላይ ነጭ ሆኖ የሚረጋ ቅባት ምን እንደሆነ ድስት ያጠበች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ሞራ ነው።

«ትናንት ፖሙን የነከርኩበት ውሃ ነው» አሉኝ። «ሳልደፋው ረስቼው አደረ። ዛሬ ሳየው እንዲህ ሆኗል። በሁዳዴ ነው እኮ ፈህሚያ። ወላሂ ብለሽኝ ነው የበላሁት።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላጣም። ሳህናቸውን እዚያው ባንኮኒዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው ሌላው ነገር ትዝ ያለኝ። ይህ ሞራ የየትኛው ከብት ነው? ማን ያረደው? እኔ ራሴ በየቀኑ የማፈጥረው በዚሁ ፖም ነው። ልጄ ረውዳ ዘንድሮ ነው መጾም የጀመረች፤ ከንፈሯ ደርቆ ትውልና አዛን ሲል ከቴምሩ ቀጥላ የምታነሣው የኮሶዬን ፖም ነው። «የእንኳየሁ ፖም» ትለዋለች።  ሱቁን ዘግቼ ወደ ኮሶዬ የምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

መንገዱን ሁሉ በልቤ ከእንኳየሁ ጋር ስጣላ ነበር። ኑግ መወደዱን አውቃለሁ። ዛፏ ያን ያህል ሊያፈራ እንደማይችል አሁን ገባኝ ብዬ በራሴ ተናደድኩ። ቸግሯት ነው እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ቢቸግራትስ እኔን እንዲህ ታደርገኛለች፣ በረመዳን፣ እላለሁ። ዳገቱን ስንጨርስ ንዴቴ ሞልቶ አፌ ደርሶ ነበር።

እንኳየሁ ከቆጡ ሥር ቁጭ ብላ ተልባ ታጠላለች። ስታየኝ ደንግጣ ተነሣች። «ምነው? እማ ሐዲጃ ደኅና ናቸው? ፊትሽ ምነው እንዲህ ሆነ?» እያለች ልትስመኝ መጣች።

አልሳምኳትም። «ፖሙን በምንድን ነው የምትቀቢው?» አልኳት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በምንድን ነው የምትቀቢው አልኩ እንኳየሁ! ሞራ ነው። ውሃ ላይ ረግቶ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

  ፊቷን አዙራ ቤት ገብታ የፈላ ውሃ በጣሳ ይዛ ወጣች። ቆጡ ላይ ከደረቁት ፖሞች ያገኘችውን አንሥታ ከተተችው። ኮሶዬ ብርድ ነው፤ ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጣሳውን መሐል አድርገን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ነፋሱ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፎ ይጥለዋል፤ አታነሣውም። ውሃው ቀዘቀዘ። ኑጉ ነጥብ ነጥብ ብሎ ተንሳፈፈ እንጂ የረጋ ነገር የለም።

«እኔ በሁዳዴ ሞራ እነካለሁ?» አለችኝ። «ለእማ ሐዲጃ አፍ ሞራ እልካለሁ? ይኼን አስበሽ ነው ይኼን ሁሉ ዳገት የወጣሽ?»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ። ከኔ እጅ ሲወጣ ሸጋ ነው። ለመሆኑ ምን ያህል ነው የምትሸጪ? እኔ በዚህ ሳምንት ያወረድሁ ያችን ነው» ብላ ወደ ቅርጫቶቿ በአገጯ አመለከተችኝ። በሳምንት የምሸጠው ፖም እነዚያ ቅርጫቶች ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ ብትጠቀጥቀውም አይገባ።

ይቅርታ ልላት ፈለግኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከኔ አፍ ቶሎ አይወጣም፤ ስፈልገው እሷ ወደ ተልባዋ ተመልሳለች። «ማፍጠሪያሽ ሳይደርስ ሂጂ፤ ኋላ መኪና ታጫለሽ» አለችኝ ቀና ሳትል።

ስመለስ ማሰብ አልፈለግኩም። ከዛፉ እስከ ሱቄ ፖሙን የሚይዘው የሁለት ሰው እጅ ነው፤ የእንኳየሁና የአብዱልባሲጥ። የእንኳየሁን አሁን አይቼ መጣሁ። የቀረውን ሕፃን ልጅም ይደርስበታል። እኔ ግን ጫኝና አውራጆቹ ይሆናሉ፣ ካርቶኑ ከዚህ በፊት ሞራ ተይዞበት ይሆናል፣ መኪናው ውስጥ የሰው ዕቃ ተጭኖ ነክቶት ይሆናል እያልኩ፣ ለወንድሜ ጠበቃ ሆኜ ጎንደር ደረስኩ። ለእንኳየሁ ስወጣ እንዲህ ዓይነት ጠበቃ አልነበርኩም።

በረመዳን ሁላችንም የምናፈጥረው እናቴ ቤት ነው። ከባሌ ከተለያየን ወዲህ እኔና ረውዳ እዚያው ግቢ ነን፤ አብዱልባሲጥም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ስገባ አዛን ብሏል፤ ሁሉም ማዕዱን ከቦ ጀምሯል። ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ መሐል ላይ ደግሞ ትሪ ሙሉ የሚያብረቀርቅ ፖም። ረውዳ እየገመጠች ነው። «ትፊው!» ልል አፌን ስከፍት የአብዱልባሲጥ ትንሿ ልጅ እጇን ወደ ትሪው ሰድዳ ፖም አነሣች። አብዱልባሲጥ የያዘውን ቴምር ጥሎ እጇን ያዘ።

«ቆይ ልላጥልሽ» አላት። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ቢላዋ አቀብይኝ» አለ።

በዚያ ቤት ለኮሶዬ ፖም ቢላዋ ተጠይቆ አያውቅም። እናቴ እንኳ በቀሩት ጥርሶቿ ትታገለዋለች እንጂ አትልጠውም።

«ምነው፣ ከነልጣጩ ትብላው እንጂ» አለች እናቴ።

«እኛ ቤት ይላጣል» አለች ልጅቱ። «ልጣጩን አባዬ ይጥለዋል።»

አብዱልባሲጥ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዓይኑን ከኔ አሽሽቶ ረውዳ ላይ ጣለው። ረውዳ ታኝካለች፤ ቀኑን ሙሉ የጠበቀችውን ፖም ጉንጯን ሞልታ ታኝካለች።  የራሱን ልጅ እጅ እንደያዘ፣ የኔን ልጅ ስታኝክ እያየ ዝም አለ።

«ምን ቀብተህበት ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ውሃ ቅመሺ…»

«ምን ቀብተህበት ነው አልኩህ!»

ረውዳ ማኘኳን አቆመች። አብዱልባሲጥ ቢላዋውን እያገላበጠ፣ ለቢላዋው እንደሚያወራ፣ ተናገረ። የእንኳየሁ ፖም ለገበያው አልበቃ ሲል ከኮሶዬ አልፎ ዳባት ካለ ሌላ ሰው ይገዛ ኖሯል። የሷ ነው እያለ ከሷ ጋር ይቀላቅለዋል። መጀመሪያ ተልባ ለማፍላት ሞከረ፤ ሰለቸው፤ ኑጉም ጠፋበት። በቅበላ ሰሞን ልኳንዳዎች ለሁዳዴ ሊዘጉ ሲሉ ሞራ ወስዶ የሚገላግላቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና ተሸክሞ መጣ። አቅልጦ ፖሙን በጨርቅ ወለወለበት። ያበራል፣ አይጨማደድም፣ ማንም አያውቅም።

«የክርስቲያን ልኳንዳ?» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የእስላም ልኳንዳ ብሄድ ያውቁኛል፤ ምን ልታደርገው ነው ይሉኛላ» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ጥፋተኛ ሲሆን ከልጅነቱም እንዲህ ነው። «ትንሽ ነገር እኮ ነው እማ! ጣት አያርስም። የበላው ሰው ምን ሆነ? እትዬ ራሷ አይደለችም እንዴ አምጣ፣ ጨምር፣ ደንበኛ ተመለሰብኝ የምትለኝ?»

«ትንሽ ከሆነ ለምን ትልጣለህ?» አልኩት።

ቢላዋውን ማዕዱ ላይ አስቀመጠ።

«ለልጆችህ ቢላዋ አገኘህ፤ ለረውዳ አጣህ? ለኔስ? ለእናትህስ አብዱልባሲጥ?»

«ብነግርሽ ትከለክይኝ ነበር» አለኝ።

ሞራውን ይቅር ልለው እችል ይሆናል። ሰው ይስገበገባል፤ ገበያ ሲደራ ያጭበረብራል። የማልረሳው ቢላዋውን ነው። ጥፋት መሆኑን ባያውቅ ኖሮ ልጆቹን ባልጠበቀ። አውቆታል። አውቆ፣ የራሱን ልጆች ለይቶ ከለለና የኔን ልጅ፣ እኔን፣ ጥቂት ጥርስ የቀራትን እናቱን አበላን፤ በየቀኑ አጠገባችን ተቀምጦ በቴምር እያፈጠረ አበላን። በጀርባዬ የተሸከምኩት ልጅ ነው። ያን ማታ ጀርባዬ ሁሉ አቃጠለኝ።

እናቴ ተነሥታ ረውዳን በእጇ ይዛ ግቢ ወዳለው ቧንቧ ወሰደቻት። «እኔ ምን አጠፋሁ?» እያለች ረውዳ ታለቅሳለች። «ምንም አላጠፋሽ። ሳያውቅ የበላ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ያወቀው ነው። ተጉመጥመጪ» ትላታለች እናቴ። ከዚያ እሷም ጎንበስ ብላ አፏን ታጠበች። ስትመለስ አብዱልባሲጥ ልጆቹን ሰብስቦ ሄዷል። ቢላዋው ማዕዱ ላይ ቀርቷል።

በማግስቱ ፖሙን በሙሉ ከሱቄ አውጥቼ ደጅ ላይ ከመርኩትና ለመጣው ሰው ሁሉ ተናገርኩ። ሞራ ነው፣ የወንድሜ ሥራ ነው፣ እኔ አላወቅኩም፣ ወላሂ ያልኳችሁ ግን እኔ ነኝ። የጎንደር እስላምና ክርስቲያን እንደዚያ ቀን ባንድ አፍ ተስማምቶ ሲሰድበኝ አይቼ አላውቅም። አንዱ «አንቺ ሳታውቂ? ማንን ነው የምታሞኚ?» አለኝ፤ ሌላዋ ፊቴ ላይ ነጠላዋን ወረወር አድርጋ አለፈችኝ። 

እማማ አባይነሽ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቆም አሉ። «ወንድምሽ ነው አሉ?»

«አዎ እማማ።»

«እኔ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፤ ያሉኝን አደርጋለሁ። አንቺም ያን ወላሂሽን ከእንግዲህ ለገበያ አታውጪው» አሉኝ። አሁንም ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል። አይገዙኝም።

ለእንኳየሁ ደወልኩ። አታነሣም። ደጋግሜ ደወልኩ። እውነቱን ስነግራት፣ ያጠፋው እሱ መሆኑን ስትሰማ፣ አብረን እናለቅሳለን፣ አብረን እንሰድበዋለን፣ ከዚያ ያልፋል ብዬ ነበር። በዚያ ሳምንት ከሷ ሌላ የምፈልገው ሰው አልነበረኝም።

ቅዳሜ መጣች። ሱቄን በሩቅ አልፋ በቀጥታ ወደ እናቴ ግቢ ስትገባ አየኋትና ሮጬ ተከተልኳት። እናቴን አገላብጣ ሳመቻት። ለኔ እጇን ሰጠችኝ፤ እንደ እንግዳ። ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም።

«እማ ሐዲጃ፣ ድስቴን ልወስድ ብዬ ነው» አለች።

እናቴ ደነገጠች። «ምነው ልጄ? ማን ነካብሽ? ከተሰቀለችበት አልወረደችም እኮ።»

«ማንም አልነካብኝ። ቤት ዕቃ አነሰኝ።»

ውሸቷን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። እናቴ ጓዳ ገብታ ድስቷን ከሚስማሩ አወረደች። ንጹሕ ናት፤ ቢሆንም እንደገና አጠበቻት፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀቻት፣ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻት። እንኳየሁ በነጠላዋ ሸፍና አቀፈቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን አላወረደችውም።

እስከ በር ሸኘኋት። «እንኳየሁ፣ እሱ ነው እኮ ያደረገው፤ አብዱልባሲጥ ነው» አልኳት። «እኔንም ነው የከዳኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ በኔ ምነው?»

ቆመች። «ከዚህ ኮሶዬ ድረስ ስትወጪ መንገዱን ሁሉ ያሰብሽ እኔን ነው። እሱ አጠገብሽ ነበር፤ አልጠየቅሽው። ሞራ ሲባል ዓይንሽ የሄደ ወደኔ እጅ ነው።»

«ወንድሜ ነው! ወንድሜን እንዴት ልጠርጥር?» አልኳት። ጮኼባት ነበር መሰለኝ፤ ጎረቤት ብቅ አለ።

«እኔስ ምንሽ ነበርሁ?» አለችኝ።

ክንዷን ልይዝ ተጠጋሁ። ፈቀቅ አለች። 

በትከሻዋ ካንጠለጠለችው ከረጢት ትንሽ ፌስታል አውጥታ አቀበለችኝ። ፖም ነው። «ለእማ ሐዲጃ ነው» አለች። «ምንም አልተቀባም። ከእንግዲህ አልቀባም። ቶሎ ብሉት፤ አይቆይም።» ድስቷን በነጠላዋ እንዳቀፈች ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄደች። አንድ ጊዜም ዞር አላለችም።

ፌስታሉን ይዤ ገባሁ። ፖሙ አያብረቀርቅም፤ ድብዝዝ ያለ፣ ቅጠሉ ገና ያልወደቀለት፣ ዛፉን ዛፉን የሚሸት ፖም ነው። የማፍጠሪያ ሰዓት ሲደርስ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። አዛን አለ። ረውዳ ቴምሯን ከበላች በኋላ አንዱን አንሥታ አገላብጣ አየችው።

«የእንኳየሁ ነው» አልኳት። «ምንም የለበትም። ከነልጣጩ ብይው።»

አልነከሰችውም። ፖሙን እንደያዘች ተነሥታ ጓዳ ገባችና ቢላዋ ይዛ ተመለሰች።